የሚከፈት ክዳን

ያን ቀን በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ከክፍለ ሀገሩ የመጣው የኪነት ኃላፊ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ለብቻው በቀረበለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ከጎኑ ቆሟል፤ ወንበር ሳይጠፋ አልተቀመጠም። ከበሮ መቺው ከመድረኩ ጠርዝ ላይ እግሩን አንጠልጥሏል። ሬዲዮ ጠጋኙ መድረኩ መሐል ነው፤ ጊታሩን በደረቱ አቅፎ። አባቴ ወደ ውስጥ ዘልቀው አልገቡም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ብርሃኑ ከኋላቸው እየመጣ፣ የበሩን መቃን ተደግፈው ነበር። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ካለው ምሰሶ አጠገብ፣ ካቻቢቴውን በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ።

ሌላ ሰው አልነበረም። ኋላ የተወራውን የሰማ፣ ከተማው በሙሉ እዚያ የነበረ ይመስለዋል። ስድስት ነበርን።

ይህን ሰሞኑን የቀሰቀሰብኝ የመብራት ቆጣሪ ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ ነው። የቆጣሪውን ክዳን ፈታና አራቱን ብሎኖች ባንድ ላይ ወለሉ ላይ በተናቸው። ጎንበስ ብዬ ለቀምሁለት። የብረቱ ሽታ መዳፌ ላይ ቀረ። እያንዳንዱን ከየጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጠው አልሁት። «እማማ፣ ሁሉም እኮ አንድ ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዛሬ ሁሉም አንድ ናቸው። እሱ ከሄደ በኋላ ግን እጄን ሳልታጠብ ብዙ ቆየሁ።

አንች ልጄ፣ ስለዚያ ጊታር ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ ኋላ እነግርሻለሁ እልሽ ነበር። እንግዲያው ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አባቴ አናጢ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ የእርሳቸው እጅ ያላረፈበት በር ጥቂት ነው። የሚሠሩባት ክፍል ከገበያው በታች ነበረች፤ ያላት መስኮት አንድ ብቻ ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ወለሉ ላይ የሚከመረው የዋንዛ ፍቅፋቂ ግን እግር ያሞቅ ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ቆሞ ይታያል። እናቴ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ዐርፋለች። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ፣ ደብዳቤው መጀመሪያ ዘገየ፣ ኋላም ቀረ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ውዬ ነበር። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

አንድ ክረምት ሊቀ መንበሩ ከጋዜጣ የተቀደደ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። የቀበሌው የኪነት ቡድን ከበሮና ክራር፣ ማሲንቆም አለው፤ ለአብዮት በዓል ግን ይህ ያስፈልገዋል፤ ከውጭ ማስመጣት አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለት ይሠሩልን አለ። አባቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ይህ ክራር ምን ነክቶት ነው ሆዱ የጠፋው?» አሉ።

«ሆዱ ኤሌክትሪክ ነው፣ አባባ» አላቸው ሊቀ መንበሩ።

ጎረቤቱ ሰምቶ ሳቀ። ግማሹ ያሾፋል፤ ግማሹ ደግሞ ጋፋት ላይ መድፍ ያቀለጠ አገር ጊታር ያቅተዋል ወይ ብሎ ይፎክራል። አባቴ የደረቀ ዋንዛ መርጠው ሥራቸውን ጀመሩ። አንገቱን ከወይራ አወጡት። ክሩ ከብስክሌት ፍሬን ገመድ የተፈታ ሽቦ ነበር።

የኤሌክትሪኩን ሥራ ሬዲዮ ጠጋኙ ያዘ። ከጎንደር ከተማ የመጣ ልጅ ነው፤ ከእኔ በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። አንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ከሱቁ ጎን ባከራየው ጠባብ ክፍል ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ልብሱ ሁልጊዜ የቀለጠ እርሳስ ይሸት ነበር። ከተጣሉ ሬዲዮዎች ማግኔት አወጣ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦም ጠመጠመበት። ከጊታሩ ጀርባ ለሽቦውና ለማግኔቱ የሚሆን ጉድጓድ በመሮ እንዲቦረቦርለት ጠየቀ። ያንን ጉድጓድ ጓዳ ይለው ነበር። ጓዳው ደግሞ ክዳን ይፈልጋል።

ከአባቴ ጋር ያጋጫቸው ይህ ክዳን ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት እንዳይነቀል ነው። በእርሳቸው ዘንድ የሚነቀል ነገር ማለት ያላለቀ ሥራ ነበር። የመጀመሪያውን ጊታር ክዳን ኮላ ቀብተው፣ በእንጨት ችንካር ዙሪያውን መትተው ዘጉት።

«አባባ፣ ይህ እንደ ሬዲዮ ነው። ሽቦው ይበጠሳል። ጓዳው መከፈት አለበት» አላቸው ሬዲዮ ጠጋኙ።

«በደንብ የተሠራ ነገር ለምን ይከፈታል?»

«በደንብ የተሠራም ይታመማል፣ አባባ።»

አባቴ መልሰው ችንካሩን መቱት። በሦስተኛው ቀን ልምምድ ላይ ሽቦው ተበጠሰ። ክዳኑ አልከፈት ብሎ በመሮ ሲፈለቀቅ ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ከበሮ መቺው ባርኔጣውን አውልቆ ጊታሩ ዐርፏል፣ ተዝካሩ መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሳቁ። አባቴ የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም።

እኔ ግን እነሱ የማያውቁትን አውቅ ነበር። አባቴ ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል። የእርሳስ መስመር አይታያቸውም። መስመሩን እኔ በቢላዋ ጫፍ ጠለቅ አድርጌ እስላለሁ፤ እርሳቸው በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየዳሰሱ መጋዙን ያሳርፋሉ። ሰው ሲገባ ቢላዋውን አስቀምጬ መጥረጊያ አነሣ ነበር። አናጢ ዓይኑ ደከመ ከተባለ በር የሚያሠራው የለም። የብሎን ራስ ላይ ያለችውን ቀጭን ስንጥቅ እንዴት ብለው ያዩዋታል? ኮላውም ኩራቱም የመጣው ከዚያ ነው። ይህን በመሐላችን አንድ ቀን እንኳ አንሥተነው አናውቅም።

የሁለተኛውን ክዳን እኔ ልሥራው አልሁ። አባቴ መላጊያውን እያራገፉ «ሥሪው» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ጎረቤታችን በበሩ አንገቷን አስግጋ፣ መሮ የያዘች ሴት ማን ሊያገባት ነው ስትል ግን መለሱላት።

«በር የሌለው ቤት ያለው» አሏት።

ክዳኑን ከስስ ዋንዛ ቆረጥሁት። ሬዲዮ ጠጋኙ ቆርቆሮ ከኤሌክትሪኩ የሚመጣውን ጉምጉምታ ይከለክላል ስላለ፣ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ በውስጥ በኩል አለበስሁት። ከዚያ የጓዳውን ከንፈር የኩራዝ ጥላሸት እቀባለሁ፤ ክዳኑን እጫነዋለሁ፤ አነሣዋለሁ፤ የጠቆረውን ቦታ ብቻ በቢላዋ እልጋለሁ። እንደገና እቀባለሁ። ጥላሸቱ ዙሪያውን እኩል እስኪይዝ ድረስ እንዲያ ነው። ክረምት ስለነበረ እንጨቱ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ የአንዲት ፈትል ያህል ክፍተት ተውሁለት። ሱቅ ውስጥ ብሎን የሚባል ነገር አልነበረም። አራቱንም ከሞቱ ሬዲዮዎች ጀርባ ነው ያገኘነው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ አጭር፣ የቀሩት ሁለቱም እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ። ዋንዛ ለብሎን ልል ስለሆነ በአራቱ ማዕዘን የወይራ እንጨት ቀብሬ፣ በእናቴ ወስፌ እየበሳሁ ለእያንዳንዱ ብሎን የራሱን ቤት አበጀሁለት።

ይህን ስሠራ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ የሚይዝልኝ እሱ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መነጋገር አይቻልም፤ ሲያባራ ደግሞ የምንናገረው አናገኝም ነበር። ስለ ሽቦ እናወራለን። አንድ ጊዜ ዘፈን አትወጅም ወይ አለኝ። እሰማለሁ አልሁት። ሌላ ጊዜ ጎንደርን አይቼ እንደማውቅ ጠየቀኝ። አላየሁም ነበር። በምሽት ከተራራው ላይ ሲያዩዋት መብራቷ የተዘራ እህል እንደሚመስል ነገረኝ። «አንድ ቀን ታይዋለሽ» አለ። ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠልሁ። እጃችን የተነካካው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም አጭሩን ብሎን ሲያቀብለኝ ነው።

ያ የጨዋታ ጊዜ አልነበረም። ጊታሩን የሚመታው ሬዲዮ ጠጋኙ ራሱ ነው፤ ሊቀ መንበሩም በግልጽ ነግሮታል፤ የኪነት ቡድን አባል የሆነ ሰው ለዘመቻ አይመዘገብም። ጊታር ካልጮኸ ግን ጊታር መቺ የለም፤ ጊታር መቺ ካልሆነ ስሙ ወደ ሌላው ዝርዝር ይዞራል። የወንድሜ ስም የነበረበት ዝርዝር ነው። 

ጊታሩ መጀመሪያ የተሞከረው ስብሰባ በሚጠራበት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ላይ ነው፤ በመኪና ባትሪ ይሠራ ነበር። ከዚያ ማጉያ ከስምና ከትእዛዝ በቀር ሌላ ነገር ወጥቶ አያውቅም። አንዲቱን ክር ሲነካት ድምፁ እስከ ገበያው ተሰማ። ጎረቤታችን ስብሰባ መስሏት ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ቆማ ሰማች፤ ከዚያም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

በበዓሉ ቀን ከዘፈኑ መሐል ጊታሩ ድዳ ሆነ። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶታል። ሊቀ መንበሩ ዞሮ አየው። ሬዲዮ ጠጋኙ ፊቱ አመድ መስሎ እኔ ወደቆምሁበት ወደ መጋረጃው ጀርባ መጣ። አራቱን ብሎን ፈታሁ፤ ሽቦውን መልሶ አያያዘው፤ ዘጋሁት። ከበሮ መቺው ያን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ሲመታ ሕዝቡ የዘፈኑ አካል መስሎት አጨበጨበለት። እሱም ለብዙ ቀን ዘፈኑን ያዳንሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። ጊታሩ ጮኸ። የሬዲዮ ጠጋኙም ስም በዝርዝሩ ውስጥ ሳይገባ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሽቦው በየሳምንቱ አንድ ነገር ይሆን ነበር። እኔ በሌለሁበት ራሱ ሊዘጋው ሞክሮ ሁለቱን ጉድጓድ አሰፋቸው፤ ብሎኑ መያዝ አቆመ። አዲስ ወይራ ቀበርሁ። ከበሮ መቺው ሞከረ፤ እሱም አበላሸው። እንደገና ቀበርሁ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን ከእኔ በቀር የሚነካው ጠፋ። ጊታሩ የሷን እጅ ያውቃል ይባል ጀመር፤ ገበያ ስወርድ ሴቶቹ ሳይቀሩ ይሉኝ ነበር። እኔ አልተቃወምሁም። በተበላሸ ቁጥር ሬዲዮ ጠጋኙ ይዞት ይመጣል፤ በመስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ ጭኑ ላይ ያስተኛዋል። ይህን ሳወራ ትንሽ አፍራለሁ። ያን ጊዜ ግን አላፈርሁም።

ዛሬ ያ የአባቴ መሥሪያ ክፍል የሞባይል መሸጫ ሆኗል። በዚያ በኩል ሳልፍ ቀና አልልም።

ጥቅምት ላይ፣ መንገዱ ደርቆ መኪና መግባት ሲጀምር፣ የክፍለ ሀገሩ የኪነት ኃላፊ መጣ። አዳራሹ ውስጥ አስመትቶ ሰማ። የደብረ ታቦር አናጢ በደብረ ታቦር እንጨት ሠራው ሲሉት አላመነም ነበር፤ ጊታሩን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየ። ከዚያም ሐሳቡን ተናገረ። ልጁና ጊታሩ ወደ ክፍለ ሀገሩ ቡድን ይዛወራሉ፤ ቡድኑ በሰሜን በኩል ሠራዊቱ ወዳለበት እየዞረ ያሳያል፤ መኪናው ነገ ጧት ይነሣል። የሚናገረው እንደሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ወይራና ጥላሸት እሱን እዚህ ለማስቀረት ነበር፤ ሥራው አምሮ ወሰደው።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጊታሩን እንዳቀፈ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ያለ እሷ አይሆንም» አለ። «ክዳኑን ሌላ ሰው ከነካው ጉድጓዱ ይሰፋል። እኔም ሞክሬ አበላሽቻለሁ።»

ከበሮ መቺው እውነት ነው፣ ጓድ፣ እኔም አበላሽቻለሁ አለ። ኃላፊው ፈገግ ብሎ፣ እንግዲያው ትምጣ፣ ቡድናችን ሴት ያንሰዋል አለ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አባቷ እዚህ ናቸው፣ እርሳቸው ይጠየቁ አለ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። አባቴ ባርኔጣቸውን አንድ ጊዜ በእጃቸው አዞሩት።

«እሷ ታውቃለች» አሉ።

ይህን ይላሉ ብዬ አልጠበቅሁም። በዚያን ዘመን ሴት ልጁን ከዘፋኝ ጋር በመኪና የሚልክ አባት አልነበረም። ይህን ሲሉ ወደ እኔ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ የሚያጽናና ነገር ነበር። ነገር ግን የሚያዩት እኔን አልነበረም። ከብርሃኑ ወደ ጨለማው አይተው ምሰሶውን እኔ አድርገውት፣ ለምሰሶው ነው ፈገግ ያሉት። ምሰሶው ከእኔ ሁለት ክንድ ይርቃል። ከእኔ በቀር ያስተዋለ የለም።

ነገ ጧት ብሄድ ከነገ ወዲያ አንድ ሰው በር ሊያሠራ ይመጣል። መስመሩን የሚስልላቸው የለም።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «ጓዲት፣ ይህ ነገር እውነት ካንች እጅ በቀር አይሆንም?»

ሬዲዮ ጠጋኙ አየኝ። አዎ በይ የሚል አስተያየት ነበር። ደግሞም ሁሉም አዎ እንድል እየጠበቁ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያለው ያንኑ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ሳስበው ግን ዛሬም ረጅም ነው።

«ለማንም ይሆናል» አልሁ።

ወደ መድረኩ ሄድሁ። ጊታሩን ተቀብዬ ወለሉ ላይ አስተኛሁትና ተንበረከክሁ። እሱም ከጎኔ ተንበረከከ። አራቱን ብሎን ፈትቼ እያንዳንዱን ከየጉድጓዱ አጠገብ አስቀመጥሁ። ክዳኑን መልሼ ገጠምሁና ካቻቢቴውን ሰጠሁት።

«ወዲያው ወደ ቀኝ አታዙረው» አልሁት። «መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀስ ብለህ፣ ሳትጫነው። አንድ ቦታ ላይ ጠቅ ብሎ ዝቅ ይላል። የድሮ መንገዱን አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ። ጠቅታዋን ካልጠበቅሃት አዲስ መንገድ ይቆርጣል፤ ጉድጓዱ የሚሰፋው ለዚህ ነው።»

ወደ ግራ አዞረ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበረ ጠቅታዋ ተሰማች። ወደ ቀኝ አዞረው፤ ያዘ። ሁለተኛውን ሠራ፤ ያዘ። ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ።

«ይኸው ነው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ይኸው ነው።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ...» ብሎ ተወው።

አራተኛው አጭሩ ነበር። እሱንም በትክክል አጠበቀው። ኃላፊው ክዳኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ ሞከረና ደኅና ነው፣ እንግዲያው ልጁ ብቻ ይበቃል አለ። ሊቀ መንበሩ እፎይ ሲል ሰማሁት። ሬዲዮ ጠጋኙ ገና አልተነሣም።

ተነሥቼ ነጠላዬን አስተካከልሁ። ወደ በሩ ሄጄ የአባቴን ክንድ ያዝሁ። ሦስቱን ደረጃ ወርደን ሄድን።